«አይነሳም» ስላለችው አብራሪ

ለክቡር አቶ አካለ ወልድ
የደጋ ልማት ጉብኝት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ለልጄ ለካፒቴን ሶልያና ዓለምነው ላወጣላት ስም ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የተሰበረው ክንድዎ ጠግኖ፣ እንቅልፍዎ ተስተካክሎ፣ የምግብ ፍላጎትዎም እንደ ቀድሞው ተመልሶ ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። ከዚያ ሄሊኮፕተር በሕይወት የወጣ ሰው ሁሉ ዕድሜው እንዲረዝም እጸልያለሁ፤ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ባነሰ ቁጥር የልጄ ነገር አብሮ እየጠፋ ይሄዳልና።

እኔ ዓለምነው የሺዋስ እባላለሁ። ይጁቤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ነው ፀጉሬ የሸበተው። በወሰን የተጣላውም፣ በውርስ የተካሰሰውም፣ በሬ የጠፋበትም ነገሩን ይነግረኛል፤ እኔም «በትሕትና አመለክታለሁ» የሚለውን ከላይ፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚለውን ከታች አድርጌ ለክቡራን በሚስማማ ቋንቋ እጽፍለታለሁ። ዛሬ ባለጉዳዩም ጸሐፊውም እኔው ስለሆንሁ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ እጄ ቢሻክር ክቡርነትዎ በሆደ ሰፊነት እንዲያልፉልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

ይህ ለሕዝብም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ በመሆኑ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በጥር ወር ጽሕፈት ቤትዎ የተከራየው ባለ አራት ወንበር ሄሊኮፕተር፣ ከአምበር በላይ ባለው ደጋ ላይ ከአቶ እንዳላማው አውድማ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። ክቡርነትዎ ክንድዎን፣ የፕሮቶኮል ሹምዎ አቶ ጌቱ እግሩን ተሰበራችሁ፤ የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ ግንባሩ ተላጠ። ሄሊኮፕተሩን ታበር የነበረችው ልጄ ሶልያና ሞተች። በመጋቢት ወር ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ የደረሰበትን ውጤት በሬዲዮ አስነገረ፤ የአደጋው መንስኤ የአብራሪዋ ስህተት ነው አለ።

እናቷ ሥራነሽ ያን ዜና የሰማችው ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ ነው። ሬዲዮኑ የሱቀኛው ነበር። ከጎኗ የነበረች አንዲት ሴት፣ የማን እናት አጠገብ እንደቆመች ሳታውቅ፣ ድሮስ ሴት ልጅ ሰማይ ላይ ምን ልትሠራ ወጣች ብላ ተናገረች። ሥራነሽ የመረጠችውን ሽንኩርት መልሳ አስቀምጣ ቤቷ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጣችም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሳይሞላ ሄዳ ሰው ሳይወጣ ትመለሳለች። ሐዘኑን ችላው ነበር፤ ስሙን ግን አልቻለችውም። አንድ ጎረቤታችንም ሊያጽናናኝ መጥቶ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ጠቀሰልኝ። አልተቆጣሁትም። ቆይቼ ሳስበው ተረቱ ልክ ሆኖ አገኘሁት፤ ልጄ አወቀች፣ በእርስዎ አለቀች።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ማለዳው ስልክ አመሰግናለሁ። በዚያ ዕለት ጠዋት ደብረ ማርቆስ በጉም ተሸፍና ነበር፤ ልጄም ጉሙ ሳይገልጥ አልነሣም ብላ ተቀመጠች። ጽሕፈት ቤትዎ የፕሮግራሙ ሰዓት እንዳይዛነፍ ተጨንቆ ደጋግሞ ደወለላት፤ ክቡርነትዎም ካደሩበት ሆቴል ራስዎ ደውለው፣ ገበሬው በብርድ ቆሞ እየጠበቀን አንቺ ደመና ትቆጥሪያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ይህን እየሳቀች በስልክ ነግራኛለች። ጉም ውስጥ በይሉኝታ የገባ አብራሪ ብዙ ነው፣ ተራራው ግን ይሉኝታ የለውም አለችኝ። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። በዚያ ጠዋት እምቢታዋ ተከብሮላታል፤ የተከበረውም ጉሙ ክቡርነትዎንም ስላስፈራዎት ይመስለኛል። ጉም በዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሮች በዓይን የማይታዩ ሆኑና እዚህ ደረስን።

፪ኛ. ስለ ማረፊያው ምርጫ አመሰግናለሁ። ልጄ አስቀድማ ከታች ያለውን የትምህርት ቤት ሜዳ ጠይቃ ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሣር የለበሰ ነው፣ ዙሪያውም ገላጣ ነው። የአቀባበል ኮሚቴው ግን የስንዴ ክምር ከኋላ ሲታይ ለሥዕል ያምራል በማለት አውድማውን መረጠ። የጥር አውድማ እብቅና ገለባ እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገርም፤ የጎጃም ሰው የማያውቀው ሄሊኮፕተር ሲወርድ ከሥሩ የሚያወጣውን ነፋስ ነው። እብቁ ተነሥቶ ሰማይና ምድሩን ሸፈነው፣ ልጄም መሬቱ ስለጠፋባት መውረዱን ትታ ወደ ላይ ተመለሰች፤ ነፋሱ እስኪጠርገው ዞራ ዞራ በሁለተኛው ወረደች። መሬት ሳይታየው የሚወርድ ሄሊኮፕተር ጎኑን አዘንብሎ ሲገለበጥ ብዙ ታይቷል አሉ። ያን ጊዜ ያጨበጨበው ሕዝብ አንድ ጊዜ ከሞት እንደተረፈች አላወቀም። የአቶ እንዳላማው የከብት መኖም ግማሹ ወደ ጎረቤት ቀበሌ በረረ፤ እሱም የእንግዳ ነገር ነው ብሎ የቀረውን ሰበሰበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብጨምር ይፈቀድልኝ። ካህናቱ የክብር ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ሊቀበሉ ወጥተው ነበር። ልጄ ከሄሊኮፕተሩ ወርዳ፣ እጅ ነሥታ፣ ጃንጥላው እንዲታጠፍ፣ ነጠላው እንዲታጠቅ፣ ከኋላ ወዳለችው ትንሿ ማራገቢያ ማንም እንዳይቀርብ ለመነቻቸው፤ ማራገቢያዋ ስትሽከረከር አትታይም፣ ያልታየች ነገር ደግሞ ሰው ትገድላለች አለቻቸው። የሰባ ዓመት አባቶች ከልጅ ልጃቸው የምታንስ ልጅ ተናግራቸው ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ አንሙት የሚባለው ሚሊሻ ባሰመረላቸው መስመር ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ነገረቻቸው፣ አንድ ጊዜ ሰሟት። አልተማሩም የሚባሉት እነሱ ናቸው።

፫ኛ. ስለ ንግግሩና ስለ ምሳው አመሰግናለሁ። ልጄ ቶሎ ለመመለስ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ለመነሣት አስባ ነበር። ለፋሲካ ቤት በመጣችበት ጊዜ እንዳስረዳችኝ አየር ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፍ አይሸከምም፣ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ባሕር ዳር ላይ ያለ ችግር አራት ሰው የሚያነሣ ሄሊኮፕተር፣ የጮቄ ተራራ ትከሻ ላይ ሲወጣ ሁለት ሰው ሊከብደው ይችላል። ክቡርነትዎ ግን ስለ ምርታማነት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ፤ ሰብሳቢው ስለ ክቡርነትዎ ማብራሪያ ማብራሪያ ሰጠ፤ ቀጥሎ ምሳ ቀረበ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ የተረሳ የምስጋና ንግግር ተገኘ። ልጄ በመካከሉ ሁለት ጊዜ መጥታ ፀሐዩ እየበረታ ነው ብላ ለአቶ ጌቱ ሹክ እንዳለች ሲያስተናግዱ የነበሩ ሴቶች ነግረውኛል። አቶ ጌቱም ጥላ ሥር ተቀመጪ ብሎ አዘነላት።

፬ኛ. ስለ ስጦታው አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋና ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በአገራችን እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። የደጋው ገበሬ አዋጥቶ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ፣ በጀሪካን የተሞላ ማር፣ አንድ የሰባ ሙክት አቀረበ። ገበሬውን አልወቅስም። እሱ የሚያውቀው አይሱዙን ነው፤ አይሱዙ ቦታ እስካለው ይጭናል፣ ቦታ ሲያጣም ከላይ ይጭናል። ሄሊኮፕተር በቦታ ሳይሆን በሚዛን እንደሚጫን የነገረው የለም፤ እንዲነግረው የተመደበው ኮሚቴ ሰብሳቢውን በባዶው ወንበር ደብረ ማርቆስ የሚያደርስበትን መንገድ ሲያመቻች ነበር። ሁለት የጽሕፈት ቤትዎ መኪኖች ባዷቸውን ባሕር ዛፍ ሥር ቆመዋል። ጤፉም፣ ማሩም፣ በጉም፣ ሰብሳቢውም በመኪና ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ስጦታ ከእንግዳው ጋር ካልሄደ እንደ ተናቀ ይቆጠራል ተባለ፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ሄሊኮፕተሩ ተጓዘ።

«ልጅህን ባውቃት ኖሮ ይህን ባላልኋት» እንዳይሉኝ ስለ እሷ ጥቂት ልናገር። ለሥራ በዚህ በኩል ስታልፍ እናቷ በሶና ሽሮ፣ በርበሬና ቅቤ ቋጥራ ትሰጣት ነበር። ሶልያና ከረጢቱን በእጇ አንሥታ ትመዝንና ግማሹን ታወጣዋለች። ሥራነሽ ትቀየማት ነበር፤ የእናት ስንቅ የሚመልስ ልጅ የት አገር ታየ እያለች ለእኔ ታማልኝ ነበር። የእናቷን ስንቅ የመለሰች ልጅ የእርስዎን ጤፍ ትፈራለች ብዬ አላምንም፤ አልፈራችምም።

አቶ እንዳላማው ከጎኗ ቆሞ ነበርና የሰማውን ቃል በቃል ነግሮኛል። ለጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች ሁሉ «ክቡር» ስትል የዋለች ልጅ ያን ጊዜ ግን በአስተዳደጓ ቋንቋ ተናገረች። «ጋሼ፣ አይነሳም» አለችዎ፤ «ወይ ጭነቱ ይውረድ፣ ወይ ሰው ይውረድ።» አቶ ጌቱ ጣልቃ ገብቶ ደብረ ማርቆስ ቅርብ ስለሆነ ከጤፉ ይልቅ ነዳጁ ቢቀነስ ምን አለበት አለ። ክቡር ሆይ፣ ነዳጅ አልቆበት የወደቀ ሄሊኮፕተርም በዓለም ላይ ጥቂት አይደለም፤ አቶ ጌቱ ባንዱ ሞት ፈንታ ሌላ አማርጦ ማቅረቡ ለፕሮቶኮል ሥራ ያለውን ተሰጥኦ ያሳያል። ልጄ አይሆንም አለች። ደግማም አይነሳም አለች። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው፣ ካሜራው እንደሚያይዎት እያወቁ፣ «አንቺ ልጅ፣ የገበሬ ስጦታ መልሼ ልዋረድ? ባይሆን ቀስ ብለሽ ንጂው» አሏት።

ቀስ ብለሽ ንጂው። ይህን ምክር ለብዙ ቀናት አሰላስየዋለሁ። ለአይሱዙ ሾፌር መልካም ምክር ነው።

በአገራችን በቅሎ እንኳ ዳገት ላይ አልሄድም ብላ ስትቆም የተቀመጠባት ሰው ይወርድላታል፤ አስተዋይ ሰው ነው ይባላል እንጂ ተዋረደ አይባልም። እንዳላማው እንደነገረኝ ልጄ ዘወር ብላ ሽማግሌዎቹን አየቻቸው፣ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ልጅቷን ስሟት የሚልላት መስሏት። እሱም ዝም አለ፣ ሌላውም ዝም አለ፤ ክቡር እንግዳ ፊት እንዴት ተብሎ። ልጄም ወደ መሪው ወጣች። ይህን ሲነግረኝ ትልቁ ሰውዬ አለቀሰ። አጣሪ ኮሚቴዎ የአየር ሁኔታን፣ የሞተሩን ጤንነት፣ የአብራሪዋን የሥራ ልምድ ሁሉ እንደመረመረ ተነግሮናል። ይሉኝታን ግን አልመረመረም። ልጄን የገደላት ዋነኛው እሱ ነው፤ እሱን ግን እንደ ሌሎቹ ምክንያቶች ክቡርነትዎ ይዘውት አልመጡም፤ ከእኛው ዘንድ ነበር።

፭ኛ. ስለ ሽቦው። በአውድማው ጎን የመብራት ምሰሶ ከተተከለ፣ ሽቦውም ከተዘረጋ ዓመታት አልፈዋል፤ መብራት ግን እስካሁን አልመጣበትም። ለዚያ መንደር አንድም ቀን ብርሃን ያልሰጠ ሽቦ የልጄን ብርሃን ለማጥፋት በቃ። ቀጭን ሽቦ ከላይ ሲታይ ከእርሻው ቀለም ጋር ይመሳሰላል፤ አብራሪዎች ከተራራ ይልቅ የሚፈሩት እሱን ነው። ልጄ ግን ስትመጣ አይታዋለች። ስለዚህ ስትመለስ ከሽቦው ርቃ፣ በቁልቁለቱ በኩል ለመውጣት ወሰነች፤ መሬቱ ከሥር እየራቀ ሲሄድ ለከበደ ሄሊኮፕተር ትንፋሽ ይሰጠዋልና። አንሙትንም ጠርታ በዚያ በኩል ሰው እንዳይቆም አደራ አለችው፤ አንሙትም ቁልቁለቱን ባዶ አድርጎ ጠበቀላት።

፮ኛ. ስለ ሥዕሉ። ሊነሡ ሲሉ የጽሕፈት ቤትዎ ካሜራ ያዥ፣ ሕዝቡ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ እጁን እያውለበለበ ቢሸኝ ያምራል አለ። አንሙት አይሆንም፣ አደራ አለብኝ ብሎ ተከራከረ፤ ክቡር እንግዳ ሊሸኝ ነው አንተ ማነህ ተብሎ ወደ ዳር ተገፋ። የቆሎ ተማሪዎቹ፣ ሴቶቹ፣ የእንዳላማው ሦስት ልጆች ወርደው ተሰለፉ። ልጄ ከተቀመጠችበት ሆና ከሕዝቡ የምታየው ከክምሩ ወዲህ ያለውን ብቻ ነበር።

ሄሊኮፕተሩ ጥቂት ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ እየጮኸ ወደ ቁልቁለቱ ጫፍ ሄደ። ክምሩን ሲያልፍ ሕዝቡ ከፊቷ ታየ። ከፍ ለማለት አቅም የለውም፤ ጤፍ፣ ማር፣ በግ፣ ሰብሳቢ፣ ኃላፊ ይዟል። ወደ ፊት ከቀጠለች የምታገኘው ሰው ነው። ልጄ ወደ ጎን ጠመዘዘችው። በጎን ያለው ሽቦው ነበር። የወደቀው በእሷ በኩል ነው።

በሪፖርትዎ ላይ እንዲህ ተብሏል፦ «አብራሪዋ ከታቀደው የመውጫ መስመር በራሷ ውሳኔ በመውጣቷ ከሽቦ ጋር ተጋጭታለች።» ክቡር ሆይ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት የለበትም። ዕድሜዬን ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁና፣ ውሸት የሌለበት ግን እውነትም የማይገኝበት ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ የጸሐፊውን እጅ አደንቃለሁ። አዎን፣ በራሷ ውሳኔ ነው። በዚያ ቀን በራሷ ውሳኔ እንድትሠራ የተፈቀደላት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያዛት ሰው ከጎኗ ተቀምጦ እየጮኸ ነበርና። የእንዳላማው ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

፯ኛ. ሙክቱ በሕይወት ተርፏል። ለክቡርነትዎ መትረፍ በተዘጋጀው የምስጋና ግብዣ ላይ መታረዱን ሰምቻለሁ። ሲሳይ ያድርግልዎ።

፰ኛ. ስለ አጣሪ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ሳይወጣ፣ አውድማውን ሳይረግጥ፣ እንዳላማውን ሳይጠራ፣ አንሙትን ሳይጠይቅ፣ ካህናቱን ሳያነጋግር፣ ክቡርነትዎንና አቶ ጌቱን ሰብሳቢውንም ብቻ ሰምቶ እውነቱን ማግኘቱ ሊቅነቱን ያሳያል። ያገሬ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል፤ የሚፈራው ሰው በሕይወት ስላለ የማይፈራው ሬሳ ተመታ። እኛ ስለ ሞተ ሰው ክፉ ለመናገር ስንገደድ እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። ሬዲዮው እሱንም አላለም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ አልቆጥርም። ወደ ጥያቄዬ ልግባ።

ካሳ አልጠይቅም። ክስም አልመሠርትም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን በሕፃንነቴ ተምሬአለሁ፣ ምንም እንኳ ልጄ ሰማዩን ስታርስ ባያትም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስህተት ነው የተባለው በተነገረበት ሬዲዮ፣ በቅዳሜ ገበያ ሰዓት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበብልኝ፤ «አብራሪዋ አይነሳም ብላ ነበር» የሚል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማን አስነሳው የሚለውን ሕዝቡ ራሱ ይጠይቃል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ የክቡርነትዎን የፕሮግራም ሰዓት አይሻማም። ሥራነሽ ያን ከሰማች ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ትወጣለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የቀረኝ ተስፋም ይኸው ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ በግንቦት በዲማ በኩል ሌላ ጉብኝት በሌላ ሄሊኮፕተር እንዳዘጋጀ ስለሰማሁ፣ ሳይጠይቁኝ ምክር መስጠቴን በድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና። ለስጦታው መኪና ይመደብለት፣ ገበሬውም ስጦታህ በክብር ደርሷል የሚል ስልክ ይደወልለት፤ ያን ጊዜ አልተናቀም። የሚሳፈር ሰው ከእነ ጓዙ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ሚዛን ላይ መውጣት የሚያዋርድ ቢሆን ኖሮ እህላችን ሁሉ የተዋረደ ነበር። ማረፊያው ሣር ይሁን። ሽቦ ያለበትን ሁሉ የአገሩ ሰው በእግሩ ዞሮ ያሳይ፤ የት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደጋ ላይ በጠዋት ይመጣ፣ በጠዋት ይኬድ፤ ንግግሩ መሬት ላይ ላለው ሕዝብ በሌላ ቀን ቢደረግ ስንዴው አይቀየምም። መውጫው ላይ ሰው አይቁም፣ ሥዕሉ ባያምርም ይቅር። ከሁሉም በላይ አብራሪ አይነሳም ካለ አይነሳም፤ ያለው ልጅ ቢሆንም፣ ያለችው ሴት ብትሆንም፣ ፊት ለፊት የቆሙት ክቡር ሰው ቢሆኑም። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ልጄ ናት። እርስዎንም ልታስተምርዎት ሞክራ ነበር።

በመጨረሻም ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንሁ፣ ክንድዎ ወንበር ለመሳብም ሆነ ሪባን ለመቁረጥ የማያንስ ብርታት እንዲያገኝ፣ በሚሄዱበት ሁሉ የሚሳፈሩበት ነገር እንዲሸከምዎት፣ በልጆችዎም ክፉ እንዳያዩ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮትና ትሕትና እዘጋለሁ።

ሁልጊዜ በጨዋነት የሚያስታውስዎ
ዓለምነው የሺዋስ
የካፒቴን ሶልያና አባት
ይጁቤ፣ ግንቦት

ግልባጭ፦
ለአቶ እንዳላማው፣ ለሚሊሻ አንሙት፣ ለደጋው ካህናት፤ አጣሪ ኮሚቴው አድራሻቸውን ስላጣው፣ ምናልባት ሊጠይቃቸው ቢፈልግ በዚህ ያገኛቸው ዘንድ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ከጨረስሁ በኋላ አንድ ሌላ ምስጋና ስላገኘሁ እጨምራለሁ። ለዲማው ጉብኝት ይዘጋጅ በነበረው ሙከራ ላይ፣ አቶ ጌቱ በምርኩዙ እየሄደ ያመጣቸውን ተጨማሪ ሰዎች አልጭንም በማለቱ «ለበላይ ትእዛዝ አልታዘዘም» ብላችሁ ያባረራችሁት አብራሪ አንተነህ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ በይጁቤ አልፎ ቤታችን ገባ። ሥራነሽ ምሳ አቀረበችለት፤ ብላ ብላ እያለች አስጨነቀችው፣ እሱም ሰሐኑን ጠርጎ በላ። እየበላ ሳለ እናቱ ደውለው ሥራህን እንዴት ታጣለህ ብለው ተቆጡት፣ ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ሥራነሽ ስልኩን ከእጁ ተቀበለችና «እመቤቴ፣ አይቆጡት፤ ልጅዎ እዚህ ተቀምጦ እየበላ ነው» አለቻቸው። ሌላ ነገር ልትጨምር ፈልጋ አቃታት። እኔ ልጨምርላት፤ ክቡር ሆይ፣ በጥር ወር የኔዋንም እንዲህ አባርረውልኝ ቢሆን ኖሮ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሬ መጥቼ ጉልበትዎን እስም ነበር።